በአንዲት ቢላ የተጀመረ ሙያ

ዶን አፓሪሲዮ ቪያልባ ወደ ኢባራ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ለመጠበቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው መጠለያ ሲገቡ፣ አንዲት ሴት ዝናቡን ተጠልላ እንጨት ስትፍቅ አገኙ። ጎረቤታቸው ሮሳውራ ዬፔስ ነበረች፤ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት። የያዘችው የወጥ ቤት ቢላ ሲሆን፣ የምትፍቀው ነገር ደግሞ ማንኪያ ይሁን አካፋ ገና አልለየለትም።

በመንደራቸው በሳን አንቶኒዮ ዶን አፓሪሲዮን የማያውቅ የለም። ከእንጨት የጠረቧቸው የቅዱሳን ምስሎች በየደብሩ ቆመዋል፤ ከአባታቸው የወረሱት መሮም አንድ ሣጥን ይሞላል። ነገር ግን ልጆቻቸው ዋና ከተማው ኪቶ ገብተው ቀርተዋል፣ የሥራ ቤታቸውም በር ከተዘጋ ሰንብቷል። ለጠየቃቸው ሁሉ «ገበያ ጠፋ» ይላሉ።

«ድንች መላጥ ሰለቸሽ እንዴ፣ መምህርት?» አሏት።

«መጥረብ እየተማርኩ ነው፣ ዶን አፓሪሲዮ።»

«በዚህ?»

«በዚህ። ሌላ የለኝም።»

ሽማግሌው አጠገቧ ተቀመጡና የሙያውን ሥርዓት ተረኩላት። በእርሳቸው ጊዜ ደቀ መዝሙር መሮ ከመንካቱ በፊት ዓመት ሙሉ ሥራ ቤት ይጠርጋል፤ ሙሉ መሣሪያ የሌለው ጠራቢ አይባልም፤ የሴት ድርሻም ምስሉን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና ቀለም መቀባት ነው። ሮሳውራ ቢላዋን ጭኗ ላይ አሳርፋ በአክብሮት እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ሥርዓት ሊማር የመጣ ልጅ መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«እሱማ ቆይቷል» አሉ ዶን አፓሪሲዮ።

«ሣጥን ሙሉ መሮ ከሌለህ አትጀምር ያልነው ልጅ፣ ይኸው እዚህ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል። እኔስ ቤት ሙሉ መጽሐፍ የሌለው ፊደል አይቁጠር ብዬ ተማሪዎቼን ባባርር ምን ይሉኝ ነበር?»

«ፊደል ጣት አይቆርጥም» አሉና አውቶቡሱ መጣላቸው።

አፋቸው ክፉ ኖሮ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሮሳውራ አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ደጃቸው ቆመች። ሽማግሌው የልባቸው ደረሰ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ተረቱባት።

«ተረቱን ተቀብያለሁ» አለች። «የመጣሁት ግን መሮ ልዋስ አይደለም፣ ልተውም አይደለም። ለምን እንደቆረጠኝ ይንገሩኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ባለሙያን ዝም አያሰኝም። ቢላዋን ተቀብለው በጥፍራቸው ላይ ሞከሩት፤ ተንሸራተተ።

«የቆረጠሽ ስለማይቆርጥ ነው» አሏት። «ዱልዱም ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ደግሞ አምልጦ ሥጋ ላይ ያርፋል።»

እየተቆጡ የሥራ ቤቱን በር ከፈቱ። መሳያ ድንጋዩን በውኃ አርሰው ቢላዋን ከዚህም ከዚያም ጎን ሳሉት፣ በቆዳም አበሱት። ለደህናው አውራ ጣቷ የቆዳ ቁራጭ አሰሩላት። ከጥግም አሊሶ የሚሉትን ለስላሳ እንጨት አንስተው ሰጧት። «እንደ ድመት ጠጉር ነው፤ በተኛበት ከሄድሽ ይገዛልሻል፣ ሽቅብ ከሄድሽበት ይነክስሻል» አሏት።

«እስቲ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለች።

ዶን አፓሪሲዮ አመነቱ። ለማንም ያልነገሩት ነገር ነበራቸው። የተበላሸው ገበያው አልነበረም፤ ትከሻቸው ነው። መሮውን ለመምታት መዶሻ ሲያነሱ ሕመሙ እስከ አንገታቸው ይወጋቸዋል፤ የመሮውን ሣጥን የዘጉት ሕመሙ የጀመራቸው ቀን ነው። አሁን ግን እንቢ ማለት አፈሩና ተቀምጠው ቢላዋን ያዙ። ክንዳቸው ከጎናቸው ሳይላቀቅ በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ ስስ ፍቅፋቂ ተጠቅልሎ ወደቀ። ደገሙት። የአህያ ጆሮ ወጣ፣ ግንባር ወጣ፣ አፍንጫ ወጣ። ሮሳውራ ቆማ ታያለች። ጥላው ከበሩ ሸሽቶ ቀትር ሲሆን ሽማግሌው ቀና አሉ።

«ትከሻዬ አላመመኝም» አሉ።

ያን ጊዜ እውነቱን ነገሯት። እርሷም በሐዘኔታ አላቃለለቻቸውም። ሣጥን ሙሉ መሮ ያላቸው ሰው ሥራ የፈቱት መሣሪያ አጥተው ሳይሆን፣ ከአንድ መንገድ ሌላ የለም ብለው እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻቸው። ዶን አፓሪሲዮ እጃቸው ላይ ያለውን አህያ አገላብጠው አዩት።

«የሴት ድርሻ ያሉትስ ነገር?» አለች ሮሳውራ፤ ጊዜውን አላሳለፈችውም።

«እንጨቱ፣ ቢላውን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ የጠየቀበትን ቀን አላየሁም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነበርኩ የምጠይቀው።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቢላ ያለው ሁሉ ወደ ሥራ ቤታቸው እንዲመጣ ሽማግሌው ራሳቸው ተናገሩ። የሳቀ ሳቀ፤ የመጣ ግን መጣ። ከዚያ ወዲህ በሳን አንቶኒዮ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ወጣቱ ዕዳ ገብቶ መሮ ከመግዛቱ በፊት እጁ ለሙያው መሆን አለመሆኑን ያውቃል። ሴቶች በሌላ ሰው ምስል ላይ አቧራ ከመዋጥ ወጥተው የራሳቸውን ይጠርባሉ። ስለት መሳል ቀድመው ስለሚማሩ ቁስለኛም ቀንሷል። ሽማግሌም የአባቱን ሙያ ይዞ መቃብር አይወርድም። ልማድ መልካም ነው፤ የሚመጣውን ሰው በር ላይ የሚያስቀር ልማድ ግን ልማዱንም ራሱን ይገድለዋል።

በመጀመሪያው ቀን ከመጡት አንዷ ልብስ ሰፊዋ ኤውላሊያ ነበረች። ከሣጥኑ ወጥተው ግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀሉትን መሮዎች በጉጉት እያየች፣ እነዚያን መቼ እንደምትይዝ ጠየቀቻቸው።

ዶን አፓሪሲዮ ይዛ የመጣችውን ቢላ ተቀብለው በጥፍራቸው ሞከሩትና ድንጋዩ ላይ ውኃ አፈሰሱ።

«ቢላሽ የማይገባበት ቦታ ስትደርሺ» አሏት። «እስከዚያ ተቀመጪና ድንጋዩ ላይ ሳይው።»