ሁለት ጣት ጭራ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ከማዶ ድረስ ውሃ አቋርጣችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ የበረዶ ክፍል ልጆች፣ የጥበቃ ወንድሞቼ፣ ስለ ሽኝት ዝግጅቱ ከልቤ አመሰግናለሁ። ወንበሩን የደረደራችሁ፣ አዳራሹን የዓሣ ሽታ እንዲለቀው በሳሙና ያጠባችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽታው ግን አልለቀቀም። እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ታጥቤ እምቢ ብሎኛል፤ አትዘኑ።

ቆሜ ብቁነጠነጥ አትታዘቡኝ። በመስኮቱ ወደ ታች ብታዩ፣ ወደቡ ጫፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ጀልባ ታስሯል። ማዶ ወዳለው አዲሱ የጋራ ጣቢያ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ባለቤቱ "አሥር ደቂቃ ነው የምጠብቅሽ፤ ካለፈ ሻንጣሽን ይዤ እሄዳለሁ" ብሎኛል። ያደርገዋል። ታላቅ ወንድሜ ነው።

አዎ፣ ወንድሜ! ምን ያንሾካሹካችኋል? ሁለት ዓመት እንዳላነጋገረኝ እዚህ ቤት ያልሰማ ማን አለ? ዛሬ ጠዋት ደጄ ላይ እንዴት እንደቆመ ሳልነግራችሁ አልሄድም። ትንሽ ይጠብቅ፤ እኔስ ስንት ጠብቄዋለሁ!

ነገሩ የሚጀምረው ከመለኪያ ጣውላዬ ነው። ጀልባዎች ሲያራግፉ ከየሣጥኑ ጥቂት ጥቂት ዓሣ አንስቼ፣ ጣውላው ላይ አጋድሜ፣ ርዝመቱን እጽፋለሁ። ባሕሩን ከማዶዎቹ ጋር ስለምንካፈል የሁለታችንም ልኬት አንድ መዝገብ ላይ ይገባል። ስምምነቱ ቀላል ነው፦ ከሃያ አምስት ሳንቲ ያነሰ አይያዝ፤ ይደግ፣ ይውለድ። ሥራ አስኪያጃችን በየስብሰባው "ዓሣ ፓስፖርት የለውም" ይሉ የለ? ዘንድሮ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ብለውታል። አሥረኛውን እኔ ቀደምኳቸው።

መለካት ያስተማሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የድሮው አለቃችን ናቸው። የኛ ዓሣ ጭራው እንደ መቀስ የተከፈተ ነው። "ልጄ፣ የጭራው ጫፍ መረብ ውስጥ ይቆራረጣል፤ አትመኚው። ከሚሰነጠቅበት ላይ ቁሚ" አሉኝ። ቆምኩ። ሃያ ዓመት እዚያው ቆምኩ። ያስተማርኳቸውን አሥራ አንድ ሰዎችም እዚያው አቆምኳቸው። ቅጹ ላይ ያለው "ርዝመት" የምትል አንዲት ቃል ናት። ርዝመት ያው ርዝመት ነው፤ ማን ይጠይቃል?

ከሁለት ዓመት በፊት የጋራ ኮሚቴው መዝገቡን ቢገልጥ፣ በማዶ በኩል ዓሣው ሃያ ስድስት፣ በኛ በኩል ሃያ ሦስት። "እናንተ ሕፃናቱን ነው የምትለቅሙት!" ተባልን። ዳርቻችን ለዓሣ አጥማጅ አራት ወር ተዘጋ። ወንድሜ ጀልባውን ጎትቶ አሸዋ ላይ አወጣ። ቆይቶ ሞተሩን ሸጠ።

ቤቴ ድረስ መጣ። "አንቺ! እኔ ዓሣ በእጄ ነው የማውቀው። የኔ ዓሣ ትንሽ አይደለም!"

"ጋሼ፣ ጣውላው አይዋሽም" አልኩት።

"እንግዲያው ጣውላሽ ወንድም ይሁንሽ" ብሎ በሩን ደርግሞብኝ ወጣ።

ዳርቻው ተከፈተ፤ የወንድሜ አፍ ግን እንደተዘጋ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ ኮሚቴው እንደገና ሊዘጋን ተሰበሰበ፤ አሁን ደግሞ ለአንድ ዓመት ሙሉ። በዚያው ሳምንት ነው ዓሣ የሚለየው ማሽን የገባው። ዓሣው በቀበቶው ላይ ሲያልፍ ካሜራው ያየዋል፣ ርዝመቱን ይጽፋል። እኔ ሃያ ሦስት ብዬ የለካሁትን አሳለፍኩ። ሃያ ስድስት! ደገምኩ። ሃያ ስድስት!

"ይሄ ማሽን ሸውራራ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ከማዶ የመጣችው ቴክኒሺያን፣ እኛ "ዝምተኛዋ" የምንላት፣ ያቻትላችሁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትስቃለች፣ ጠጋ ብላ "እትዬ፣ የት ላይ ነው የሚያቆሙት?" አለችኝ።

"እዚህ።"

ጣቷን ከጣቴ አሳልፋ ጭራው ጫፍ ላይ አኖረች። "እኛ እዚህ።"

በኔና በሷ መካከል ሌላ ሁለት ጣት ቢገባ ነው። ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ዘለፋ። ወንድሜ ልክ ነበር!

የክፍል ኃላፊያችን፣ እዚሁ ስላሉ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ዝም ብለን እናስተካክለው፤ ያለፈው ይለፍ" አሉኝ። ክፋት አስበው አይደለም፤ እኔን ሊያድኑ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ስብሰባው መሃል ተነሥቼ "የኛ ዓሣ ትንሽ አልነበረም፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። አስተርጓሚው ዞሮ "እርግጠኛ ነዎት? ልተርጉመው?" አይለኝም?

"ፈርቼ ሳልመልሰው ቶሎ በል፣ ልጄ!"

የማዶው ሊቀመንበር መዝገቡን ከደኑና "እኛስ ስንከሳችሁ መቼ ጠየቅናችሁ?" አሉ። ዳርቻው ሳይዘጋ ቀረ። ቅጹም ተቀየረ፤ አሁን ርዝመት የሚጻፍበት ሁለት ሣጥን አለው፦ አንዱ እስከ መሰንጠቂያው፣ አንዱ እስከ ጫፉ።

ወንድሜስ? ሚስቱን አማላጅ ላክሁ። "ጣውላዋን ታነጋግር" ብሎ መለሳት።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣዬን እየዘጋሁ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው፤ አንድ ዓሣ አንጠልጥሏል። ደህና አደርሽ የለ፣ ምን የለ፣ "ለኪልኝ" አለኝ። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። "እስከ መሰንጠቂያው ሃያ አራት። እስከ ጫፉ ሃያ ሰባት።"

"ያኔ እያወቅሽ ነው?"

"አላወቅኩም ጋሼ። አለመጠየቄ ነው ጥፋቴ።"

"ኮሚቴው ፊት ያልሽውን ሰምቻለሁ። እኔ ጋ ግን አልመጣሽም። ሚስቴን ነው የላክሽው።"

ምን ልበል? እውነቱን ነው! በሁለት አገር ሰው ፊት የከፈትኩትን አፍ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሬ ለወንድሜ መክፈት ፈርቼ ነበር። ኮሚቴውን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ማሽኑን እንኳ ስለ ስድቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱን አልጠየቅሁትም።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

ወደ ሻንጣዬ አየ። "ይሄ ብቻ ነው?" አለና አንስቶ ወጣ። አዲስ ሞተር መግጠሙን ያወቅሁት ተከትዬው ወደቡ ላይ ስደርስ ነው።

እነሆ እየሄድኩ ነው። እዚያ የአራት አገር ባለዲግሪዎች ማሽኑን ሊማሩ ይመጣሉ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ደግሞ ጣት የት ላይ እንደሚቆም አሳያቸዋለሁ። ደስታዬን የት ላድርገው? እግሬ እኮ አልቆም ያለው ጀልባው ስላስቸኮለኝ ብቻ አይደለም!

ጣውላዬን ትቼላችኋለሁ። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም "የት ላይ ነው የምታቆሙት?" ብዬ ጽፌበታለሁ። ከሰው ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡት።

ሰማችሁ? እያፏጨ ነው። መጣሁ!

መረባችሁ ትልቁን ይያዝ፣ ትንሹን ይልቀቅ። በረዷችሁ አይቅለጥ፣ ፍቅራችሁ አይቀዝቅዝ። ዕድሜውንም ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ሙሉውን ይስጣችሁ፤ ሁለት ጣት እንኳ አይጉደልባችሁ።