ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ጋዜጠኛ

በሶማሌላንድ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሐርጌሳ ውስጥ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሾፌር ነበርኩ። ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ጣሪያው በቦምብ ፈርሶ፣ ዝናብ ሳይመጣ ካልተከደነ ሊዘጋ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛችን ወይዘሮ አልማዝ የከተማውን ሬዲዮ የትምህርት ጋዜጠኛ ችግሩን እንዲያሰማ እዚያው ትምህርት ቤቱ ጠርተው ስለ ድርጅታችን ከወረቀት ማንበብ ጀመሩለት። ሰውየው ጅግጅጋ ተሰዶ አማርኛ ለምዷል። «እትዬ፣ ድርጅትሽን ተዪውና የልጆቹን ንገሪኝ» ብሎ ሊሄድ ተነሣ። እኔ በልቤ «እመቤቴ ድረሺ» አልኩ። እሳቸው ወረቀታቸውን አጥፈው «ና እንግዲያው፣ ገብተህ ተማር» አሉት። ልጆቹ የሚቀመጡት ከየቤታቸው ተሸክመው ባመጡት ድንጋይ ነው፤ አንዷ ለእንግዳው ለቀቀችለት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወገቡን ይዞ ወጣ። «ወላሂ፣ ሥቃይ ነው!»

ይህንኑ በሬዲዮ አወራው። የዋሄን ገበያ ነጋዴዎች ሰምተው ቆርቆሮ አስጭነው መጡ። ወይዘሮ አልማዝን «ሰውየው የእኛን ስም እኮ አላነሣም» ብላቸው፣ «አንተ ደግሞ! ጣሪያው ላይ ወጥተህ ጻፈዋ» ብለው ሳቁብኝ።