የእትዬ ብልቃጥ ሁለተኛ ኩባያ

ዛሬ አፈር የምናለብሳቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው በፍቅርም በፌዝም እትዬ ብልቃጥ ይሏቸው የነበሩት እኅታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ከስድሳ አራት ዓመት በፊት ተወለዱ። የላቦራቶሪ ሙያ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱም በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብልቃጥ የሚመጣላቸውን የሰው ሰገራ ሲመረምሩ ኖሩ።

በዚያች ክፍል፣ በአንድ የመመርመሪያ ሳህን ላይ ፈንገስና ባክቴሪያ ጎን ለጎን የበቀሉ እንደ ሆነ «ተበክሏል» ተብሎ እንዲጣል ደንብ ነበር። እርሳቸው ግን፣ በሰው አንጀት ውስጥ ሁለቱ አንዱ ሌላውን ልክ እያስያዘ በጉርብትና እንደሚኖሩ ለአለቃቸው ሲያስረዱ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ይከራከሩ፣ በመዝገቡም ላይ «አብረው ይኖራሉ» ብለው ይጽፉ ነበር።

ትዳርን በሚመለከት አንድ እጮኛ ነበራቸው፤ የሥራቸውን ዝርዝር ከሰማ በኋላ ግን እግሩን ሰበሰበ፤ ልጅም አልወለዱም። ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ፣ እጃቸውን ከሁላችንም አብልጠው እንደሚታጠቡ እያወቀ፣ ሊጠይቁት ሲመጡ የሚጠጡበትን ኩባያ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሮ ለብቻው ያስቀምጥ ነበር። እርሳቸውም አይተው እንዳላዩ ሆነው ጥቂት ጊዜ ከቆዩ በኋላ የራሳቸውን ኩባያ በቦርሳቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ በመጨረሻም መምጣቱን ተዉት። እርሱም ለምን ቀሩ ብሎ አልጠየቀም።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው ብርቱ የባክቴሪያ ማጥፊያ መድኃኒት ለሳምንታት ወሰዱ። ሳንባቸው ሲሻለው ሆዳቸው ታመመ፤ ባክቴሪያው ባለቀበት አንጀት ፈንገሱ ተንሰራፍቶ ወደ ደማቸው ገባ። ሐኪሙ ግራ ቢገባው እርሳቸው፣ «ፈንገሱ ጎረቤቶቹ አልቀውበት ብቻውን ሲቀር አመሉ ተበላሽቶ ነውና አይፍረዱበት» ብለው እንደ ቀለዱ ነርሷ ነግራናለች። ከሦስት ቀን በኋላም ዐረፉ።

ቤታቸውን ስንከፍት ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ኩባያ አገኘን። አንዱ ጠርዙ በአጠቃቀም ብዛት የደበዘዘ ነው፤ ሁለተኛው ማንም ሳይጠጣበት ዓመታት የቆየ ሲሆን፣ በተለጠፈበት የብልቃጥ መለያ ወረቀት ላይ በእጃቸው ጽሕፈት «የወንድሜ» ይላል። ያ ወንድም አንድም ቀን ቤታቸው ሄዶ ውሃ አልጠጣም።

እትዬ ብልቃጥ አንድ ወንድምና ሁለት የወንድም ልጆች ትተው ተለይተውናል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ የማንም ኩባያ ለብቻው በማይለይበት ማዕድም ያስቀምጥልን።