ጅማቱ የታሰረበት ልክ

ጋሼ ሹፌሩ ጥጥ እየፈለቀቁ የትራስ ልብስ ውስጥ ይጠቀጥቁ ነበር። በምንኖርበት ሕንፃ ኮሪደር ሳልፍ በተከፈተው በራቸው አዩኝና፣ «አንተ አስተማሪ፣ እስቲ ግባ። ዳኛ ቸግሮኛል» አሉኝ።

ገባሁ። አልጋው ላይ መረብ ኳስ ተጫዋቿ ልጃቸው ተጋድማለች። የተበጠሰው የጉልበቷ ጅማት በዚያው ሳምንት ከጭኗ በተወሰደ ሌላ ጅማት ተተክቶላታል። አባቷ ጉልበቷን በትራስ አንተርሰው አጥፈውታል፤ ትራሱ ሳሳ ብለው ደግሞ ሌላ እያዘጋጁላት ነው። ራስጌዋ የእህታቸው ልጅ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ቆማለች።

«ትራሱ ይውጣ፣ እግሯ ይዘርጋ ትለኛለች። አዲሱ ጅማት ቢበጠስስ? ትናንት ስትድሂ ያየሁሽ ልጅ ዛሬ ስለ ጉልበት ልታስተምሪኝ?»

«የዳኸ ሰው እኮ ጉልበት ያውቃል፣ አጎቴ።»

በሽተኛዋ ሳቀች፤ ሕመሙ ሳቋን ቆረጠው።

«ፍርሃትዎ ግን ተገቢ ነው» አለች ባለሙያዋ። «መልሱ ያለው ጅማቱ ሲታሰር ጉልበቷ በነበረበት አኳኋን ላይ ነው። ገመድ አይጠፋዎትም?»

የልብስ ማስጫ ገመድ ቁራጭ ሰጧት። በሩን ገርበብ አድርጋ እጀታውን ከመቃኑ ጋር ወጥራ አሰረችው።

«እስከ ዳር ይክፈቱት።»

ታገሉት፤ ገመዱ ያዘው።

«ጅማቱ ጉልበቷ ታጥፎ ሳለ ጠብቆ ቢታሰር እንዲህ ነበር የሚሆነው። መዘርጋት ያቅታታል፤ ታነክሳለች።»

ፈታችው፤ በሩን እስከ ዳር ከፍታ እንደገና አሰረችው። ጋሼ ሹፌሩ ሲዘጉት ገመዱ ረገበ፤ ሲከፍቱት በሩ እስከ ዳር ሄደ፤ ገመዱም ምንም አልሆነ። ደገሙት። ሠለሱት። የእኔም ልብ አብራቸው ትዘል ጀመር።

«ሐኪሙ የእሷን ሲያስር እግሯን እንዴት አድርጎ ነበር?» ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ዘርግቶ። ሐኪሞች ጉልበቱን ምን ያህል አጥፈው እንደሚያስሩ ይለያያሉ፤ የእሷን ግን ዘርግቶ እንዳሰረው እሱው ነግሮኛል። ስለዚህ መዘርጋት አይበጥሰውም፤ ልኩ እዚያው ነው።»

«ታዲያ ትራሱ ምን አጠፋ?»

«ታጥፎ ከከረመ የኋላው ሥጋ ያጥራል፤ ጠባሳም መገጣጠሚያውን ይሞላዋል። ሐኪሙ የከፈተውን በር እኛ በትራስ እንዘጋዋለን።»

ፍቅር ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ሕመም ያስታገሰ ሁሉ ያዳነ ይመስለዋል። የታመመ ሰው አጠገብ ስንቀመጥ የሚመቸውን ብቻ ሳይሆን የሚበጀውንም መጠየቅ ብንለምድ ስንት እግር በተረፈ።

«ያምሽ ይሆን፣ ልጄ?»

«ያመኛል፣ አባዬ። ግን መዝለል ይሻለኛል።»

ትራሱን ሳብ አድርገው አወጡት፤ ባለሙያዋ እንዳሳየቻቸውም ፎጣ ጠቅልለው ከተረከዟ ሥር አደረጉላት። ጉልበቷ ቀስ እያለ ወረደ፤ ቀጥ አለ። ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች።

«አሁን የጭኗ ጡንቻ መሥራት ይጀምራል» አለች ባለሙያዋ በደስታ እየተቻኮለች። «ሳታነክስ ትራመዳለች፤ ሜዳውም ጊዜውን ጠብቆ ይደርሳል።»

«ዳኛው ምን ትላለህ?» አሉኝ ጋሼ ሹፌሩ።

«ተፈርዶብዎታል።»

«ይግባኝ የለኝም» አሉና ገመዱን ከእጀታው ፈቱት፤ በእጃቸው ላይ ጠቀለሉት፤ ጫፉን ቋጥረው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።