የተጣበቀው ክንፍና የ«እሜቴ ለምን» ዜና ሕይወት

ለመጨረሻው ስንብት የተሰበሰባችሁ ቤተ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረቦች ሆይ፤ አሁን የምትሰሙት የእኅታችን ታሪክ መሥሪያ ቤታቸው ጽፎ የላከልን አይደለም። ያኛው አጭር፣ የተስተካከለና ማንንም የማያስቀይም ነበር፤ እሳቸው ግን ውስጡ ስለሌሉበት ታናሽ ወንድማቸው አጥፎ ኪሱ ከትቶታል፤ የሚያነበውም ራሱ የጻፈውን ነው።

እኅታችን ከጎማ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አፋቸውን ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ጥያቄያቸው መቆሚያ ስላልነበረው የሰፈሩ ሰው «እሜቴ ለምን» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ ስሙም እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። የአባታቸው ሱቅ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ላይ ነበር። ተጠግኖ የሄደ ጎማ መኪናውን ሲያወዛውዝ ሌሎቹ ጠጋኞች «መንገዱ ነው» ብለው ባለመኪናውን ሲሸኙት፣ አባታቸው ግን እያጉረመረሙም ቢሆን ጎማውን ፈትተው እንደገና ይፈልጉ ነበር። የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው የቤት ሥራ የሚሠሩት ልጃቸው ይህን እያዩ አደጉ።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩና በሒሳብ ተመርቀው የሳተላይት ምሕዋር በሚቀመርበት ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ የሚከታተላት ሳተላይት የባሕርን ከፍታ ከላይ ሆና የምትለካ ነበረች፤ የራሷ ከፍታ በትክክል ካልታወቀ ግን ያልጨመረው ባሕር ጨመረ፣ የጨመረው ደግሞ ቀነሰ ይባላል። ስለዚህ የምድር ስበት፣ የስሱ አየር ጉተታ፣ የፀሐይ ብርሃን ግፊት ሳይቀር ተሰልቶ ያለችበት ቦታ ይነገራል፤ ከዚያም ከመሬት ጣቢያዎች የሚላክ ጨረር መስታወቶቿ ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ ስሌቱ ጨረሩ ከሰጠው የርቀት ልክ ጋር ይተያያል። እኅታችን ይህን ሥራ እንደ ልጃቸው ይወዱት ነበር።

ከአውቶቡስ መካኒኩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው እናግባ ብለው በጠየቋቸው ጊዜ የተሰጣቸው መልስ «ለምን?» የሚል እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ምን ብለው እንዳሳመኗቸው ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም።

ሳተላይቷ በመጠቀች በጥቂት ዓመት ውስጥ ስሌቱ ከልኩ ጋር አልገጥም አለ። ልዩነቱ ሁለት ጣት ቢያህል ነው፤ ነገር ግን ከምድር ጥላ ወጥታ ፀሐይ ባገኘቻት ቁጥር በዚያው አቅጣጫ ይደጋገም ነበር። በዚህ ሙያ ለእንዲህ ያለው ጣጣ የተዘጋጀ ማምለጫ አለ፤ «ያልታወቀ ኃይል» የሚባል ቁጥር ስሌቱ ውስጥ ሲገባ ልዩነቱን ይውጠዋል፣ ሰንጠረዡ ያምራል፣ ሁሉም በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል። የክፍሉ ኃላፊም ጨምሪበትና እንገላገል አላቸው። እሳቸው «መንገዱ ነው» ማለት አልሆነላቸውም። ፈልገው ፈልገው፣ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ፀሐይን እየተከተለ መዞር የነበረበት አንዱ የሳተላይቷ ክንፍ እየተጣበቀ እንደሚቀርና የብርሃኑም ግፊት በዚያ የተነሣ እንደሚዛባ ደረሱበት፤ ነገሩ ሳይብስ ክንፉን የሚያዞረው ተጠባባቂ ሞተር እንዲነሣ ለመኑ። ከሳተላይቷ የሚመጣው መልእክት ክንፉ ደህና ነው ይል ስለነበር ኃላፊው በሰው ፊት ሳቀባቸው። ሌላውም ተከትሎ ሳቀ። ከሳቃችሁት አንዳንዶቻችሁ አሁን እዚህ ቆማችኋል።

ዓመት ሳይሞላ ክንፉ ጨርሶ ተጣበቀ፤ ሳተላይቷም ኃይል አጥታ ዝም አለች። አጣሪዎቹ ምክንያቱ አልታወቀም ብለው ጻፉ፤ እሳቸው ይታወቃል በማለታቸው ወደ ጎብኚዎች ክፍል ተወረወሩ፤ መሥሪያ ቤቱ በላከልን ጽሑፍ ላይ «በፈቃዳቸው ተዛወሩ» የተባለው ይህ ነው። እዚያ ለጎብኚ የምትታይ የካርቶን ሳተላይት ነበረች። አንዱን ክንፏን አጣመው በሙጫ ለጠፉት፤ ልብ ያለውም አልነበረም። የሞተችው ሳተላይት መስታወቶቿ ደህና ስለሆኑ ጣቢያዎቹ ጨረር መላካቸውን አላቋረጡምና፣ ክንፉ ተጣብቋል በሚል ስሌት ወደፊት የምትገኝበትን ቦታ ቀምረው፣ ከልኩ ጋር ይተያይልኝ ብለው ለኃላፊው አስረከቡ።

ከዚያ ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር። ጨጓራ ነው ተባሉ። ሌላ ዘንድ ሄዱ፤ ጭንቀት ነው ተባሉ። ታዲያ በበላሁ ቁጥር ወደ ጀርባዬ የሚሄደው ለምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ቆሽታቸው ላይ ያደገው እጢ ሲገኝ የሚደረግለት ነገር አልነበረም። የተላከልን ጽሑፍ «በድንገተኛ ሕመም» ይላል። ድንገተኛ አልነበረም፤ ዓመት ሙሉ ሲናገር የሚሰማው ያጣ ሕመም ነበር። አልጋ ላይ ሳሉ ከመሥሪያ ቤት ሊጠይቃቸው የመጣን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ ነበር፤ ልኩ መጣ ወይ? ኃላፊውም መጥቶ ነበር፤ እጃቸውን ይዞ ገና ነው አላቸው።

ትናንት ሐዘን ቤት ይኸው ሰው ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጠና፣ ሊያጽናና ብሎ፣ ልኩ ከመጣ ወራት እንዳለፈው፣ ምንም ያልታወቀ ኃይል ሳይጨመርበት ከእኅታችን ስሌት ጋር እንደገጠመ፣ በሚመች ጊዜ ለእሳቸው ሊነግራቸው ያስብ እንደነበር አወራ። በሚመች ጊዜ! ባለቤታቸው ቁጣ የማያውቁ ሰው ናቸውና ተነሥተው ወጡ። ወንድማቸው ግን የማይናደድበት ምክንያት አላገኘም፤ ይህን መጻፍ የጀመረውም ያኔ ነው።

እንግዲህ በሕይወት ሳሉ ያልተነገራቸው እዚህ ይነገር፤ ክንፉ ተጣብቆ ነበር፤ እኅታችን ልክ ነበሩ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እርጅና የተጫናቸውን እናታቸውንና ይህን የሚያነበውን ወንድማቸውን ትተዋል። ያቺ ሳተላይትም እሳቸው ትሄድበታለች ባሉት መንገድ፣ ክንፏ እንደተጣበቀ፣ ዛሬም በላያችን ታልፋለች።

አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። እያወቁ ዝም ያሉትን ግን፣ ያወቁትን በአደባባይ እስኪናገሩ ድረስ፣ አያሳርፋቸው።