ሳያገቡ ስለ ትዳር ያስተማሩን መምህር

እኔና ባሌ ከመጋባታችን በፊት የትዳር ትምህርት ያስተማሩን መምህር ራሳቸው ያላገቡ ነበሩ። ባሌ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ሚስት አኩርፋው የማታውቅ ሰውዬ ስለ ኩርፊያ ምን ሊያስተምረን ነው?» እያለ ያሾፍ ነበር። እሳቸው ግን አንድ ነገር መደጋገም አይሰለቻቸውም፦ «ስትጣሉ ተጣሉ፣ በቃ፤ ማዕድ ግን አትለዩ። ተኮራርፋችሁም ቢሆን ከአንድ ትሪ ብሉ።»

ባለፈው ቅዳሜ ከባሌ ጋር ተኮራርፌ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ቤቱን ጥዬለት ወጣሁ። ከካዛንቺስ ፈረሳ የተረፈች አንዲት ምግብ ቤት ስገባ፣ ጥግ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? መምህሩን! ማግባታቸውን ሰምቻለሁ። ብቻቸውን ሽሮ ይበላሉ።

«መምህር፣ ባለቤትዎስ?» አልኳቸው።

የጠቀለሉትን እንደያዙ ቀና አሉ። «ተኮራርፈን ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ማዕድ አትለዩ ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ያኔ መች አገባሁና! ሳስተምረው እንዴት ቀላል ነበር መሰለሽ።» ከዚያ ከኋላዬ ሰው ፈለጉና፣ «አንቺስ? ባልሽ የታለ?» አሉኝ።

ተያየንና ሳቃችን አመለጠን። አስተናጋጇን ጠርተን፣ ሁለታችንም ለየቤታችን ለሁለት ሰው የሚበቃ ቴክአዌይ አዘዝን።

ቤት ስደርስ ያ አሿፊ ባሌ አልበላም፤ እየጠበቀኝ ነበር። ምግቡን አንድ ትሪ ላይ ዘርግቼ ነገሩን ስነግረው፣ ትን እስኪለው ሳቀ።

«በይ ደውይላቸው» አለኝ፤ «አሁን ገና ለማስተማር ደረሱ!»