የነርሷ እንቅልፍ

ከአሰላ ወደ አዳማ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ነፍሰ ጡርና ሂጃብ የለበሱ ትልቅ ሴትዮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ስንተኛ ወርሽ ነው ልጄ?» አሏት ሴትዮዋ።

«ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ቁጭ ካልኩ እንቅልፍ ይጥለኛል።»

«ታዲያ አታርፊም?»

«ነርስ ነኝ፤ አሁንም ከአዳር ተረኝነት መውጣቴ ነው።»

«የሚመጡትን ነፍሰ ጡሮች ምን ትያቸዋለሽ?»

«እረፉ እላቸዋለሁ።»

«አንቺንስ ማን ይበልሽ?»

«እዚህ ማን አለኝ እማማ፣ እናቴ ያለችው ጎጃም ነው።»

«በይ ትከሻዬ ላይ ተደገፊ። ዴራ ስወርድ እቀሰቅስሻለሁ።»

ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ዴራ ስንደርስ ሹፌሩ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«እማማ፣ እዚህ አይደል የሚወርዱት?»

«ኧረ ቀስ በል፣ ትነቃለች! ንዳው፣ አዳማ ደርሼ እመለሳለሁ።»

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ድምፁን አጠፋሁት።